ከሁለት ድርብ ዶሮዎች ነጠላ ጫጩት እንዴት ይወጣል?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሺንሺቾ በደረስሁ ጊዜ አክስቴንና ጎረቤታቸውን ተኳርፈው አገኘኋቸው። የኩርፊያው ምክንያት የድንበር ጉዳይ አልነበረም፤ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። አክስቴ ከሐላባ ገበያ ያስመጡት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አላቸው፤ ድርብ ነው። እንቁላሉን ጥላ የታቀፈችው ቡናማ ዶሮም ድርብ ናት። ከተፈለፈሉት ዘጠኝ ጫጩቶች መካከል ግን ሁለቱ ነጠላ ሆኑ። አክስቴም ብዙ ሳያጣሩ፣ «የዚያች ሴትዮ ነጠላ አውራ በእንሰቱ ሥር እየሾለከ ገብቶ ዘሬን አበላሸው» ብለው ፈረዱ። ጎረቤታቸው በበኩላቸው፣ «የእኔ ዶሮ ከደጄ ርቆ አያውቅም፤ ጉድለቱ ከሐላባ ከመጣው ነው» ብለው መለሱ። ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ እኔ ደረስሁ፤ አክስቴም፣ «በል እንግዲህ፣ አንተ የተማርህ ልጅ፣ ፍረደን» አሉኝ።

በዚያን ቀን ለመፍረድ አልቻልሁም። ስለ ሜንዴልና ስለ አተሩ ለፈተና ያጠናሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ከአክስቴ ጓሮ ጋር የሚገናኝ መሆኑን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ ስላላስቻለኝ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። አብዛኞቻችን ከበስተጓሮው ዶሮ ከሚጭርበት ቤት የመጣን ስለ ሆነ፣ ከእኔ ሌላ እንዲህ ባለ ችሎት ፊት የሚቆም አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

ከተማ ላደጉት ጓደኞቻችን ቃላቱን ላስረዳ። በዶሮ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አንድ ቀጭን ሆኖ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ እንደ ሆነ ዶሮው ነጠላ ይባላል። ሥጋው ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለና የተደራረበ እንደ ሆነ ደግሞ ድርብ ይባላል። ይህ ልዩነት ለዐይን ብቻ አይደለም፤ በበዓል ዋዜማ ገበያ ውስጥ በገንዘብ ይቈጠራል። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አውራ ዶሮዎች መካከል ድርቡ ቀድሞ ይነሣል፤ ቀይ ከሆነማ ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩልም። ንጉሤ ዳናና ባልደረቦቹ ከፋርጣ እስከ ኮንሶ ድረስ በአምስት ወረዳዎች ገበሬዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የላባ ቀለምና የአናት ሥጋ ቅርጽ ገበሬው ዶሮ ሲመርጥ ከሚያያቸው ነገሮች ውስጥ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ አክስቴ ስለ ሁለት ነጠላ ጫጩቶች መቈጣታቸው ከንቱ ቍጣ አልነበረም። ዶሮ በዚያ አገር የሴቲቱ የራስዋ ገንዘብ ናት፤ ደብተርና ሳሙና የሚገዛው ከእርስዋ ነው። የእኔም ደብተር የተገዛው በዚያው ገንዘብ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። በመጀመሪያ «ያገር ዶሮ» የምንለው አንድ ወጥ ዘር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የዶሮ ጥንተ መነሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። በትግራይ መዝብር በተባለ ስፍራ የተገኘው የዶሮ አጥንት እንደሚመሰክረው፣ ዶሮ ወደ አገራችን ከገባ ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ሳይለየው እርስ በርሱ ሲዳቀል ኖሯል። ተከተል ፎርሲዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ጥናት ያገራችንን ዶሮዎች ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማና መላጣ ብለው ከፍለዋቸዋል፤ ሆኖም እነዚህ ስሞች በመልክ የተሰጡ ናቸው፤ ከመልኩ በስተኋላ ምን እንደ ተሸሸገ አይናገሩም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኋይት ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ የተባሉት የውጭ ዘሮች ገቡ። ከዚያ ወዲህም ኮይኮክ፣ ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ ተከተሉ። በአንዲት የሺንሺቾ ጓሮ ውስጥ የምትጭር ቡናማ ዶሮ የእነዚህን የሁሉንም ደም ብትይዝ አያስደንቅም።

ደም ማለቴ እንደ ልማድ ነው እንጂ፣ ባሕርይ እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ አይቀርም። ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ በአተር ላይ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ለያንዳንዱ ባሕርይ ልጁ አንድ ቅንጣት ካባቱ፣ አንድ ቅንጣት ከእናቱ ይቀበላል፤ ሊቃውንቱ ይህን ቅንጣት ጂን ይሉታል። ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነ አንዱ ገዢ ሆኖ በመልክ ይታያል፤ ሌላው ድብቅ ሆኖ ይቀመጣል። ድብቁ ግን አይጠፋም፤ ሳይበረዝ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የሜንዴል ሥራ እ.ኤ.አ. እስከ 1900 ድረስ ተረስቶ ቈየ። እንደገና በታወቀ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ዊልያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሕጉ በእንስሳም ላይ እንደሚሠራ ሲያሳይ የተጠቀመበት እንስሳ ዶሮ ነበር፤ የመረመረውም ባሕርይ ይኸው አክስቴን ከጎረቤታቸው ያጣላው የአናት ሥጋ ነው! በፈተና ጊዜ ሁላችንም የምንስለው የፐኔት አራት ማዕዘን ስሙን ያገኘው ከቤትሰን የሥራ ባልደረባ ከሬጂናልድ ፐኔት ነው። መምህራን ስለ አተሩ ብቻ ነግረውን ዶሮውን የተዉት ለምን እንደ ሆነ አላውቅም።

ቤትሰንና ፐኔት ያገኙት እንደሚከተለው ነው። ገበያችን «ድርብ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው በእውነቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ትናንሽ ጕጦች በሦስት መስመር የተሰለፉበት ዝቅተኛ ሥጋ ነው፤ ፈረንጆች «የአተር» ይሉታል። ሁለተኛው ሰፊ፣ ላዩ በጥቃቅን ጕጦች የተሞላና ወደ ኋላ እንደ ሹል ጅራት የወጣ ነው፤ ይህን «የጽጌረዳ» ይሉታል። ሦስተኛው ጭብጥ ብሎ የተሸበሸበ ነው፤ «የዋልነት» ይባላል፤ ዋልነት ማለት ሽብሽብ ቅርፊት ያለው የለውዝ ዓይነት ፍሬ ነው። (ሥዕሉን በስቴንስል ላይ ብስለው ሦስቱም ድንች ስለሚመስሉ ትቼዋለሁ።) አተሩን የሚያመጣው አንድ ገዢ ጂን ነው፤ ጽጌረዳውን የሚያመጣው ከዚያ የተለየ ሌላ ገዢ ጂን ነው። ሁለቱ በአንድ ዶሮ ላይ ሲገናኙ ዋልነት ይሆናል። ሁለቱም የሌሉበት ዶሮ ነጠላ ነው።

የነገሩ ቁልፍ በዚህ ላይ ነው። የአክስቴ አውራ ዶሮ ጽጌረዳ ነው፤ ዶሮዋ አተር ናት። በገበያ ቋንቋ ሁለቱም ድርብ ናቸው፤ በሜንዴል ቋንቋ ግን አንድ አይደሉም። አውራው ጽጌረዳውን ካንድ ወላጁ ብቻ አግኝቶ እንደ ሆነ፣ ከሚሰጠው ዘር ግማሹ ጽጌረዳ ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ዶሮዋም እንደዚሁ አተሩን ካንድ ወገን ብቻ ይዛ እንደ ሆነ፣ ከእንቁላልዋ ግማሹ አተር ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ጽጌረዳ ከአተር ሲገጥም ዋልነት፣ ጽጌረዳ ከባዶ ሲገጥም ጽጌረዳ፣ ባዶ ከአተር ሲገጥም አተር፣ ባዶ ከባዶ ሲገጥም ነጠላ። አራቱም ዕድላቸው እኩል ነው። ስለዚህ ከሁለት ድርብ ወላጆች ከአራት አንዱ ጫጩት ነጠላ ሆኖ ቢወጣ ማንም ሌላ አውራ ዶሮ በእንሰት ሥር መሹለክ አያስፈልገውም። እንዲያውም ከዘጠኝ ጫጩቶች አንድም ነጠላ ሳይወጣ የሚቀርበት ዕድል ከመቶ ስምንት አይሞላም። ሁለት ወጣ፤ ምን ይገርማል?

ይህን ይዤ አክስቴ ቤት ስልክ ደወልሁና ዘጠኙን አንድ በአንድ እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። የአናት ሥጋ ገና ከቅርፊቱ በወጣ ጫጩት ላይ እንኳ አጥብቆ ለተመለከተ ይታያል፤ የአክስቴ ጫጩቶች ደግሞ ያን ጊዜ ላባ አውጥተው ነበር። ሦስቱ እንደ አባታቸው፣ ሁለቱ እንደ እናታቸው፣ ሁለቱ «እንደ ተጨበጠ ሥጋ» ናቸው አሉኝ፤ የቀሩት ሁለቱ እነዚያ ነጠላዎች ናቸው። በመጽሐፍ ያነበብሁት ነገር በስልክ ሲነገረኝ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጥ ያስቸግረኛል።

ሆኖም አክስቴ ቀላል ሴት አይደሉም። «ይሁን፤ ሊሆን ይችላል አልህ እንጂ ሆነ አላልህም። የጎረቤቴ አውራ አለመሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጽጌረዳና ዋልነት የሆኑት አምስቱ በእርግጥ የቀዩ ልጆች ናቸው፤ ምክንያቱም ጽጌረዳው ከእርሱ በቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም። የቀሩት አራቱ ግን የነጠላ አውራ ልጆች ቢሆኑም እንዲሁ አተርና ነጠላ ሆነው ይወጡ ነበር። የጎረቤት አውራ መቼ መጣ የሚለውም ነገር ቀላል አይደለም፤ ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆድዋ ውስጥ አስቀምጣ ከሁለት ሳምንት በላይ ፍሬያማ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ባንድ እቅፍ ውስጥ የሁለት አባት ልጆች መገኘታቸውም የተለመደ ነው። በግልጽ ጓሮ ውስጥ ያባትነት ምስክር መሆን አስቸጋሪ ነው።

ጎረቤትዬዋን ነጻ ያወጣቸው የአውራ ዶሮአቸው ዘር ነው። አውራው ኮይኮክ ነው። ኮይኮክ በደቡብ አፍሪቃ በፖቸፍስትሩም የእርሻ ኮሌጅ ከአውስትራሎርፕ፣ ከሌግሆርንና ከፕሊመዝ ሮክ ተዳቅሎ የወጣ፣ በጥቁር ላይ ነጭ መስመር በመስመር የተሰመረበት ዶሮ ነው። በገበያችን ብዙ ሰው ገብስማ ብሎ ያልፈዋል፤ ገብስማ የሚባለው ሁሉ ግን ይህ መስመር አለው ማለት አይደለም። መስመሩን የሚያመጣው ጂን ገዢ ነው፤ የሚገኘውም ጾታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው።

በዚህ ስፍራ ጥቂት መቈየት ይገባል። በሰው ዘንድ የልጁን ጾታ የሚወስነው ካባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው። በዶሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አውራው ዜድ የተባለውን ክሮሞዞም ሁለት ይይዛል፤ ሴቲቱ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ ትይዛለች። ስለዚህ ጫጩቱ ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን የምትወስነው እናቲቱ ናት። እቅፉ ሁሉ ወንድ ሆነ ብሎ አውራውን የሚረግም ሰው ያለ ጥፋቱ ይረግመዋል። ሴት ጫጩት ብቸኛ ዜድዋን የምታገኘው ካባትዋ ብቻ ነው፤ ወንዱ ግን ካባቱም ከእናቱም አንዳንድ ይወስዳል። የመስመሩ ጂን በዜድ ላይ ስለ ተቀመጠ ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

ንጹሕ የኮይኮክ አውራ በሁለቱም ዜድ ላይ መስመሩን ይይዛል፤ ስለዚህም ልጆቹ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ከየትኛዋም ያገር ዶሮ ቢወለዱ መስመሩን ይወርሳሉ። አውራው ንጹሕ መሆኑ በዐይን ይለያል፤ ሁለት እጥፍ የያዘው ነጩ መስመር ሰፍቶ መልኩ ወደ አመድነት ሲያደላ፣ አንድ ብቻ የያዘው ድቅል ጠቆር ይላል። የጎረቤትዬዋ አውራ አመዳም ነው። የአክስቴ ሁለት ነጠላ ጫጩቶች ደግሞ ቡናማ ናቸው፤ ባንዳቸውም ላባ ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም። እናቲቱም ሆነች ቀዩ አውራ ጥርት ያለ ነጭ ስላይደሉ መስመሩን የሚሸፍን ሌላ ቀለም ከዚያ መጣ ለማለት አይቻልም። እንግዲህ ኮይኮኩ አባት አይደለም። አክስቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ቡና ልጠራት ነው» አሉኝ።

ይኸው የመስመር ጂን ለዳኝነት ብቻ ሳይሆን ለኑሮም ይጠቅማል። ነገሩን ገልብጠን የኮይኮክ ሴት ዶሮ ከቀይ ወይም ከጥቁር ያገር አውራ ጋር ብናገናኝ፣ እናቲቱ ያላት አንድ ዜድ ለወንዶች ልጆችዋ ብቻ ይደርሳል። ወንዶቹ ባለ መስመር፣ ሴቶቹ መስመር የሌላቸው ይሆናሉ። በተፈለፈሉበት ቀን ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ ወንዶቹ ግን በራሳቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላቸው። አባቱ ነጭ ወይም ራሱ ባለ መስመር እስካልሆነ ድረስ ባለቤቲቱ በመጀመሪያው ቀን ቄቦቹን ከአውራዎቹ መለየት ትችላለች። ፐኔት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር እህል ባጠረበት ወቅት፣ በላባ ቀለም ወንድ ጫጩቶችን ከመጀመሪያው ለይቶ መኖ ማዳን እንደሚቻል ያመለከተው በዚህ ዐይነት ውርስ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንዱም ለበዓል ስለሚፈለግ አይጣልም፤ ነገር ግን ስንት ቄብ እንዳላት አስቀድማ ያወቀች ሴት የትኛውን ለጎረቤት በእርቦ እንደምትሰጥ፣ የትኛውን እንደምታስቀር ታውቃለች።

ስለ መላጣውም ባጭሩ ልበል። አንገተ መላጣነት በአንድ ጂን ይመጣል፤ ጫጩቱ ሲፈለፈል ጀምሮ ይታወቃል። አንገቱ ፈጽሞ የተራቈተው ሁለት እጥፍ የያዘ ነው፤ ከአንገቱ በታች ፊት ለፊት አንዲት የላባ ጕንጕን የቀረችለት አንድ ብቻ የያዘ ነው። ባለ ጕንጕን ከባለ ጕንጕን ሲገናኙ ከአራት ጫጩት አንዱ ባለ ሙሉ ላባ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የጎረቤት አውራ በሐሰት የሚከሰስበት ሌላው ምክንያት ነው። ነጭ ቀለም ደግሞ አሳሳች ነው። የኋይት ሌግሆርን ነጭነት ገዢ ስለ ሆነ ከቀይ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ አልፎ አልፎ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ነጮች ይሆናሉ። ሌላ ድብቅ የሆነ ነጭነትም አለ፤ ያን የያዘ ዶሮ ከቀይ ጋር ሲገናኝ አንድም ነጭ ላይወልድ ይችላል። ሁለቱ ነጮች ጎን ለጎን ቢቆሙ በዐይን አይለዩም።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ጂን ስለሚወሰኑ ባሕርያት ነው። አክስቴ ግን ወዲያው የጠየቁኝ፣ «ስንት እንቁላል እንደምትጥልስ እንዲሁ ልትነግረኝ ትችላለህ?» ብለው ነው። አልችልም፤ ማንም አይችልም። የእንቁላል ብዛት፣ የሰውነት ክብደትና የመታቀፍ ጠባይ እጅግ ብዙ ጂኖች አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት፣ መኖና በሽታም የሚለዋውጡት ነገር ነው። የሚባለው ያገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል የተመረጡት የውጭ ዘሮች በደንብ ከተመገቡ 250 ይዘልላሉ። የሁለቱ ልጆች ባማካይ በመካከል ይውላሉ፤ ያንዲት ቄብ ዕጣ ግን አይታወቅም። መታቀፍም እንዲሁ ነው፤ የውጭዋ ዶሮ እንቁላልዋን ጥላ ዞር ብላ አታይም፤ ያገርዋ ታቅፋ ታሳድጋለች። በሺንሺቾ ጓሮ የመፈልፈያ መኪና ስለሌለ፣ ብዙ የምትጥል ነገር ግን የማትታቀፍ ዶሮ ብቻ ያላት ሴት በሚመጣው ዓመት ጫጩት ፍለጋ ገንዘብ ይዛ ገበያ ትወጣለች።

ብዙ ሰው የሚታለለውም በሁለተኛው እቅፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድቅሎች ብርቱዎች ናቸው፤ በመልክም ይመሳሰላሉ። ባለቤቲቱ ደስ ይላትና እነዚህኑ እርስ በርሳቸው ታዳቅላቸዋለች። በሁለተኛው ትውልድ ግን በድቅልነት የተገኘው ብርታት ግማሹ ይወርዳል፤ ተደብቆ የነበረውም መልክ ሁሉ ብትንትን ብሎ ይወጣል። ሰው ይህን ሲያይ «መድኃኒት አድርገውበት ነው የሸጡልን» ይላል። ሳሶና ቦቫንስ ብራውን ራሳቸው ከብዙ መስመር የተዳቀሉ ስለ ሆኑ ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን አይተኩም፤ ይህ የሻጭ ተንኮል አይደለም፤ የሜንዴል ሕግ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ለገዢዋ ይህን አስቀድሞ መንገር የሻጭ ግዴታ መሆን ይገባው ነበር። ያገር ዶሮን በራሱ መርጦ ማሻሻልም እንደሚቻል የሆሮ ዶሮ ምስክር ነው፤ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በክብደትና በእንቁላል ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ መጥቷል።

ወደ አክስቴ አውራ እንመለስ። በቍጣቸው ለበዓል ሊሸጡት አስበው ነበር፤ ጥያቄው ማን ይተካው የሚለው ነው። ባገራችን የተለመደው ነገር ድርቡና ቀዩ አውራ በዓል በመጣ ቍጥር ተሸጦ፣ ገበያ ያልወደደው ተርፎ የሚመጣውን ዓመት ጫጩት ሁሉ መውለዱ ነው። ላይሸጥ የማይቻል ከሆነ ግን መላ አለው። ቀደም ብዬ እንዳልሁት ዘሩ በሴቲቱ ሆድ ስለሚቈይ፣ አውራው በዋዜማው ከተሸጠ በኋላ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት የተጣለው እንቁላል አብዛኛው የእርሱ ነው፤ ሌላ አውራ ካልቀደመ በቀር። እንቁላሉን ከሳምንት ሳያሳልፉ ማሳቀፍ ነው፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል።

ቀዩ አውራ ነጠላ ስለ ወለደ ጽጌረዳው አንድ ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከነጠላ ዶሮ ጋር ቢገናኝ ግማሹ ጫጩት ነጠላ ይሆናል። ከልጆቹ መካከል የዋልነቱ ወጣት አውራ ይሻላል፤ አተሩንም ጽጌረዳውንም ስለያዘ ከነጠላ ዶሮ ጋር እንኳ ከአራት አንድ ብቻ ነጠላ ይወልዳል። በወንድሙ ፈንታ እርሱን ማስቀረት ምንም ወጪ የለውም፤ ከእኅቶቹ ጋር እንዳይዋለድ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ታዲያ ንጹሕ ጽጌረዳ ብፈልግስ?» ለሚል ሰው ምክሬ አይፈልግ የሚል ነው። ጽጌረዳውን ሁለት እጥፍ የያዘ አውራ ዘሩ ደካማ እንደ ሆነ ከጥንት የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም ምክንያቱን በጂኑ ውስጥ አግኝቶታል። የሚፈለገው ንጹሕ አተር ነው።

ንጹሕ አተር የሆነ አውራ ከሌላው በመልክ ለመለየት ያስቸግራል፤ በልጆቹ ግን ይታወቃል። ባለ አተሩን አውራ ከነጠላ ዶሮ ጋር ለብቻቸው ማድረግ ነው። ዶሮዋ ከሌላ አውራ ከተለየች ሦስት ሳምንት እስኪሞላት ድረስ እንቁላልዋን መብላት እንጂ ማሳቀፍ አያስፈልግም። ከዚያ የተፈለፈሉትን በዚያው በተፈለፈሉበት ቀን መቍጠር ነው፤ ጭልፊትና ፈንግል ከቀነሱት በኋላ የተቈጠረ ቍጥር ምንም አያስረዳም። አንድ ነጠላ ከወጣ አውራው ንጹሕ አይደለም፤ ነገሩ አለቀ። አምስት ጫጩት ሁሉም ድርብ ቢሆኑ፣ ንጹሕ ያልሆነ አውራ በአጋጣሚ ይህን የሚያደርገው ከ32 ጊዜ አንዴ ነው። ስምንት ቢሆኑ ከ256 ጊዜ አንዴ ነው። ዐሥር ቢሆኑ ከ1,024 አንዴ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምተው ለጎረቤታቸው ነግረዋቸዋል። ጎረቤትዬዋ አንዲት ነጠላ የኮይኮክ ዶሮ ሰጡ፤ አንድ ባለ አተር ወጣት አውራም ከሌላ ሰፈር ተገኘ። ሁለቱ በአሮጌው የጥጃ በረት ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። ሦስቱ ሳምንት በመጪው ቅዳሜ ይሞላል፤ ስምንት እንቁላል እንደ ተጠራቀመ የአክስቴ ቡናማ ዶሮ ትታቀፈዋለች።